ግመልም በቅሎም

ከጣርማ በር ዋሻ ሸዋ ሮቢት ለመድረስ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዋሻው ደጃፍ ላይ ጋቢ የደረበ እረኛ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ሲል ይታያል፤ በዚያው ቀን ሮቢት ላይ ሰው ጥላ እየመረጠ ይሄዳል። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከተማዋ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በመሐላቸው ያለው ቁልቁለት 1,800 ሜትር ይጠጋል።

ይህ ገደል ድሮም መጓጓዣ የሚቀየርበት ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ የመልእክተኞች ጓድ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ግመሎቹ የደረሱት እስከ ፋሬ ነው። ፋሬ የይፋት ቆላ ጫፍ ናት፤ ከእሷ በላይ ያለው የአንኮበር አቀበት የግመል አገር አይደለም። ቆላው ግመል፣ ገደሉ በቅሎና አህያ ይፈልግ ነበር፤ ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ተራራው ግርጌ ላይ ጭነቱን ያዛውራል። ዛሬ ሮቢት ላይ ያገለገለ ፎር ዊል የሚገዛ ሰው ግን አንዱ ብረት ግመልም በቅሎም እንዲሆንለት ይጠይቃል፤ ጠዋት በቆላው ራሳ ላይ በሙቀትና በአሸዋ፣ ማታ ደብረ ብርሃን ላይ በብርድና በስስ አየር እንዲሠራ። ስለዚህ መኪናውን ሻጩ ደጅ ላይ ብቻ አይመርምሩት፤ ገደሉ ይመርምርልዎ።

ከዚያ በፊት ግን መኪናውን ሳያዩ የሚመለስ ጥያቄ አለ። በእርግጥ ፎር ዊል ያስፈልግዎታል? ከአስፋልት ለማይወርድ ሰው አያስፈልግም። የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ይፋትን ከደቡብ ወደ ሰሜን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሮቢት፣ ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራ ቆሬ ሁሉም እሱ ላይ የተደረደሩ ናቸው። ለሰንበቴ የእሑድ ገበያ ማንኛውም ደህና መኪና ያደርሳል። ማሾና ሽንኩርት የሚያጓጉዘው አይሱዙ ነው፤ ለከተማ ውስጥ ባጃጅ አለ። ፎር ዊል የሚያስፈልገው አስፋልቱን ትቶ ለሚገባ ነው፤ በምሥራቅ ወደ አፋር ጠረፍ በሚወስደው አሸዋማ ሜዳ፣ በምዕራብ ወደ ገደሉ በሚወጡት የድንጋይ መንገዶች ሥራው ለሚያመላልሰው።

እዚህ ላይ የይፋትን ወንዞች ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ሮቢ፣ ጀውሃና አጣዬ ከምዕራቡ ተራራ ወርደው ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚሄዱ ወንዞች ናቸው። በበጋ ሰፊ የአሸዋ መሬት ይሆናሉ። በሐምሌና በነሐሴ ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ የቆላው ሰማይ ጥርት ብሎ እያለ ጎርፉ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት ባለ ሁለት ዲፈረንሻሉም መኪና እንደ ሌላው ይወሰዳል። ፎር ዊል የሚያሻግርዎ ጎርፉ ካለፈ በኋላ የቀረውን እርጥብ አሸዋና ጭቃ ነው። ይህን ያልተረዳ ገዢ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ድፍረት ብቻ ይገዛል።

እንግዲህ መኪናው በዓመት ስንት ቀን ከአስፋልት እንደሚወርድ በሐቅ ይቁጠሩ። ሠርግ፣ ለቅሶና የአዝመራ ሰሞን ብቻ ከሆነ፣ በእነዚያ ቀናት ከነሹፌሩ መከራየት ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቱም የቀረውን ዓመት የሚከፍሉት ናፍጣ ቀላል አይደለም። ባለ 4.2 ሊትር ሞተር ላንድክሩዘር በአንድ ሊትር የሚሄደው 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ነው። ከሮቢት አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ 60 ሊትር ይበላል። ትንሽ አውቶሞቢል በዚህ ግማሽ ትጨርሰዋለች።

ይሁን፣ ያስፈልገኛል ብለዋል እንበል። ቀጥሎ የሚያጋጥምዎ ዋጋ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ስለ መኪናው ጤና የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። በሌላው አገር መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል። እኛ ዘንድ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ እንደ ዕድሜው የሚከብድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ መለዋወጫውም አብሮ ሰማይ ነካ። እነዚህ ሁሉ ተደማምረው አገር ውስጥ የቀረውን አሮጌ ላንድክሩዘር የገንዘብ ማስቀመጫ አደረጉት። ስለዚህ ሻጩ የሚጠይቅዎ ገንዘብ ሁለት ነገር አለበት፤ አንዱ የብረቱ ቀሪ አገልግሎት፣ ሌላው የእጥረቱ ዋጋ። እጥረቱ ደግሞ የጣርማ በርን አቀበት አይወጣም። ደላላው «ነገም እኮ በዚህ ዋጋ ይሸጥልሃል» ይላል። ላይዋሽ ይችላል፤ ግን የሚናገረው ስለ ገበያው ነው። እርስዎ እንዲነግርዎ የፈለጉት ስለ ቴስታታው ነበር።

በይፋት መንገድ ላይ ሥር የሰደደው መኪና ላንድክሩዘር ሃርድቶፑ ነው። ቶዮታ 70 ተከታታይ የሚባለውን ላንድክሩዘር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን የመታው በዚያው ሰሞን ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ነጩ ሃርድቶፕ የእርዳታ ድርጅት፣ የጤና ጽሕፈት ቤት፣ የግብርና ቢሮ መኪና ሆኖ ይህን መንገድ ተመላልሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1990 የተገጠመለት 1ኤችዜድ የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ተርቦ የለውም፣ ኮምፒዩተር የለውም፤ ጉልበቱም የሚያስደንቅ አይደለም። ለቆላው የሚስማማው ግን በዚሁ ነው። ናፍጣ ከማደያ ሲጠፋ በበርሜልና በጀሪካን ይገዛል፤ በርሜሉ ውስጥ ውኃም፣ ዝገትም፣ ነጭ ጋዝም ሊኖር ይችላል። የ1ኤችዜድ አፍንጫ ናፍጣ ለመርጨት የሚከፈተው በ150 ባር ገደማ ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ወዲህ በሃይሉክስና በፕራዶ የመጣው ኮመን ሬል የሚባለው ሥርዓት ከ1,000 ባር እጅግ በላይ ይሠራል። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የአፍንጫው ቀዳዳ ይቀጥናል፣ ክፍተቱ ይጠብባል፤ አሮጌው የሚታገሠው ቆሻሻ አዲሱን ያበላሸዋል። አዲሱ ሞተር ናፍጣ ይቆጥባል፣ ዳገት ላይም ይፈጥናል። ከታወቀ ማደያ ቀድቶ በአስፋልት ለሚመላለስ እሱ ይሻላል። ከበርሜል ቀድቶ ለሚሄድ ግን እኔ አሮጌውን እመርጣለሁ።

ራቭ ፎርን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ጥሩ መኪና ናት፤ የከባድ ማርሽ ሳጥን ግን የላትም፣ ከመሬት ያላት ከፍታም ትንሽ ነው። ለጠጠር መንገድና ለትንሽ ጭቃ ትበቃለች፤ ወንዝ ውስጥ ላለ ልቅ አሸዋ አትበቃም። አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ የምታንቀሳቅሰውን ዓይነት ሲገዙ አራቱ ጎማዎች አንድ ዓይነትና እኩል ያለቁ መሆናቸውን ይዩ። ሁለት አዲስ ከሁለት አሮጌ ጎማ ጋር ሲገጠም የዙሪያቸው ልዩነት የፊቱንና የኋላውን የሚያገናኘውን ክፍል ሲያሞቅ ይኖራል፤ ያ ክፍል አንዴ ከተቃጠለ ደግሞ ራቭ ፎር ያለ ፎር ዊል ትቀራለች። ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል።

አሁን ወደ ምርመራው። ሻጩ ለቀጠሮ ካለው ሰዓት ቀደም ብለው ይሂዱ፤ ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ መጀመሪያ እጅዎን ኮፋኖው ላይ ያሳርፉ። ሞቆ ከጠበቀዎ ሻጩ አስነስቶት ነበር ማለት ነው፤ ምናልባት ለማጠብ፣ ምናልባትም በብርድ የማይነሣ መሆኑን ለመደበቅ። ሮቢት ላይ ይህ ተንኮል እንኳ ብዙ አያስፈልግም። በ30 ዲግሪ ሙቀት፣ ጭመቃው የደከመ፣ የማሞቂያ ሻማዎቹ የሞቱ ናፍጣ ሞተርም በአንድ ቁልፍ ይነሣል። ያው መኪና በኅዳር ሌሊት ደብረ ብርሃን አድሮ ጠዋት ባትሪውን እስኪጨርስ ሊያለቅስ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ከፈቀደ መኪናው አንድ ሌሊት ደብረ ሲና ወይም ደብረ ብርሃን ይደር። ብዙ ሻጭ አይፈቅድም፤ የሚፈቅድ ሰው በራሱ አንድ ነገር ነግሮዎታል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ትንሿን ክዳን ከሚያስቡት በላይ ያክብሯት። ውኃ ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ሮቢት ላይ በ95 ወይም 96፣ ጣርማ በር ላይ ግን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ሞተሩ ደግሞ በጤናው ጊዜም ከ80 ዲግሪ በላይ ሆኖ ነው የሚሠራው። ክዳኗ 1 ባር ገደማ ግፊት አፍና ስትይዝ መፍያው ጣርማ በር ላይ እንኳ 115 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ላስቲኳ ከደረቀ ወይም ሞላዋ ከላላ ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል፤ ቆላ ላይ ምንም ያልነበረው መኪና አቀበቱ አናት ላይ ይፈላል። ባለቤቱ «ቴስታታው ነው» ተብሎ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። በእርግጥም ደጋግሞ ከፈላ ቴስታታው ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም፤ በዚህ በኩል የቀድሞው የፕራዶ ባለ 3 ሊትር 1ኬዜድ ሞተር መጥፎ ስም አለው።

ክዳኑ ሲከፈት ውኃው ምን ይመስላል? የዝገት ቀለም ካለው የወንዝ ወይም የቧንቧ ውኃ ብቻ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ የራዲያተሩ ቱቦዎች በኖራ ጠበዋል። ዘይት ከተንሳፈፈበት ድርድሩን እዚያው ያቁሙት። ቀጥሎ መካኒክዎ ቴርሞስታቱ መኖሩን ያረጋግጥ። በሞቃት አገር ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ መላ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ አይፈላምና ሁሉም ደስ ይለዋል። ነገር ግን የደከመ ራዲያተር በዚህ ይሸፈናል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ ዘይቱ ሳይሞቅ እየሠራ ፋሻና ሲሊንደር ይበላል። ከጣርማ በር ሲወርዱ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ወርዶ እዚያው ከተቀመጠ ቴርሞስታቱ የለም ብለው ይገምቱ።

የአየር ማጣሪያውን ይክፈቱና ከማጣሪያው ወዲያ፣ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ ውስጥ ጣትዎን ያስገቡ። ጣትዎ አቧራ ይዞ ከወጣ የይፋት ደቃቅ አፈር ሞተሩ ውስጥ ሲገባ ኖሯል። አፈር ሲሊንደርን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል፤ ይህን ምንም ዘይት አይመልሰውም። ማረጋገጫው ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ማንሣት ነው። ትንሽ እስትንፋስ ጤና ነው፤ ክዳኑን የሚያስነሣ ግፊትና ጭስ ከመጣ ፋሻው አልቋል። ደላላው «ሞተሩ አልተነካም» ማለቱ እዚህ ጋ ትርጉሙ ይለወጣል፤ መነካት ነበረበት።

ከዚያ አራት ሰው ጭነው ወደ ደብረ ሲና ይውጡ። ባዶ መኪና መፈተን ጊዜ ማጥፋት ነው። መንገድ ላይ ያለችውን አርማንያን አልፎ አቀበቱ ሲጠና በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ይስጡት፤ የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እያንሸራተተ ነው። የጭሱን ቀለም ደግሞ ከከፍታው ጋር አያይዘው ያንብቡ። ጣርማ በር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ጋር ሲነጻጸር ሩቡን ያህል ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ለመጣለት ነዳጅ የሚበቃ አየር አያገኝምና ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ይህን አይቶ መኪናውን የሚጥል ሰው ጤነኛ መኪና ጥሎ ይመለሳል። ያው ጥቁር ጭስ ሮቢት ሜዳ ላይ ከመጣ ግን አፍንጫው ወይም ፓምፑ ይታይ። ሰማያዊ ጭስ የትም ይሁን የት ዘይት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያባራ ነጭ ጭስ ደግሞ ውኃ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል።

ዋሻው አናት ላይ ሞተሩን ሳያጠፉ ጥቂት ያቁሙት። ሙቀቱ ወደ ላይ ከዘለለ ፋኑ ወይም ራዲያተሩ ደክሟል። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ የፈለፈሉት ይህ ዋሻ ለስንት መኪና ማስተንፈሻ እንደሆነ ቢቆጠር ጥሩ ታሪክ ይወጣው ነበር።

የመውረዱ ፈተና ከመውጣቱ ይከፋል። ከነሰዉ 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና 1,800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 130 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ሞተሩና አየሩ የማይውጡት በሙሉ ፍሬን ሸራና ዲስክ ላይ ይወድቃል። መደበኛው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ ዓመታት አልፈውት እርጥበት ሲጠጣ ግን በ140 ዲግሪም ይፈላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በደብረ ሲና ቁልቁለት ፍሬን እምቢ ያለው መኪና ሁሉ ፍሬኑ የተበጠሰ አይደለም፤ አንዳንዱ ዘይቱ ፈልቶ ነው። ስለዚህ በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ ፔዳሉ እየለሰለሰ እንደሆነም ያዳምጡ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ አቁመው መዳፍዎን ሳይነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ ያስጠጉ። ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥለው ፍሬኑ የያዘ ነው፤ ቀዝቃዛ ሆኖ የተገኘውም ከሥራ ውጭ የሆነ።

ወደ ፎር ዊሉ የመጣሁት ዘግይቼ ነው፤ ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፎር ዊሉ ይሠራል?» ብሎ ነው፤ ሻጩ መብራቱን አብርቶ ያሳየዋል፣ ነገሩ ያልቃል። መብራት የሚያሳየው መብራቱ መሥራቱን ነው። በሃርድቶፕና በአሮጌ ሃይሉክስ የፊት ጎማውን መሐል የሚቆልፈው ክፍል በእጅ የሚዞር ነው። ፊቱን በክሪክ አንሥተው፣ ቆልፈው፣ ጎማውን በእጅዎ ያሽከርክሩት፤ የውስጡ ዘንግ አብሮ መዞር አለበት። ቶዮታ በመመሪያው በየወሩ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ዊል እንዲነዳ ይመክራል፣ ዘይቱ የፊት ክፍሎቹን እንዲያዳርስ። ከተማ ውስጥ ለዓመታት የኖረ መኪና ይህን አያውቅም፤ ሲሞከር እጀታው ደርቆ እምቢ ይላል። ፈተናው የወንዝ አሸዋ ወይም ጠጠር ላይ ይሁን። እነዚህ መኪኖች የፊትና የኋላውን የሚያቻችል መሐል ዲፈረንሻል የላቸውም። በኩርባ ላይ የፊት ጎማ ከኋላው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ በፎር ዊል የታጠፈ መኪና ራሱን በራሱ ይጠመዝዛል፤ አንዳች ነገር ይሰበራል። ሻጩ አስፋልት ላይ «እስቲ እየው» ብሎ ካጠፈው፣ መኪናውን እንዴት ሲነዳው እንደኖረ ይረዱ።

የፊት ጎማዎቹ ሥር ያለችውን ክብ ኳስ ይመልከቱ። ግራሶና ዘይት ተቀላቅሎ ከተዝረከረከ ጎሚኒው አልቋል። ቀጥሎ የሁለቱንም ዲፈረንሻል ዘይት ትንሽ አስወጥተው ይዩ፤ ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቷል። የሚገባበትም መንገድ አለው። በሩጫ የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲነከር ውስጡ ያለው አየር ይጨማደዳል፣ መተንፈሻው ከተደፈነ ወይም ከወለቀ በዚያ በኩል ውኃ ይስባል። ወንዝ ዳር ደርሶ ጥቂት ቆሞ፣ ቀዝቅዞ የሚሻገር ሹፌር ዝም ብሎ ሰነፍ አይደለም።

ሥሩ ገብተው ሻንሲውን ይዩ። ባሌስትራው ላይ ከፋብሪካው ቁጥር የበለጠ ቅጠል ከታከለ መኪናው ሕዝብና እህል ሲጭን ኖሯል። መሪ ሳጥኑ የታሰረበት አካባቢና የባሌስትራው ማያያዣዎች ላይ ብየዳ ካለ የተሰነጠቀ ሻንሲ ነው። በሀገራችን ደረቅ አየር ዝገት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከአውሮፓ ጨው ከሚረጭበት መንገድ የመጣ መኪና ግን ዝገቱን ይዞ ነው የገባው፣ ላዩ በቀለም ቢያምርም። ኪሎ ሜትሩን ብዙ አይመኑት። ከቁጥሩ ይልቅ የፔዳል ጎማው፣ የመሪው ቆዳና የሹፌሩ ወንበር እውነት ይናገራሉ።

መኪናው ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላም ወረቀቱ ሊጥለው ይችላል። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ጋር ያመሳክሩ፤ ሃርድቶፑ ላይ ቁጥሩ የሚገኘው በፊት በቀኝ በኩል ሻንሲው ላይ ነው። አካባቢው በቅርቡ ተሞርዶ፣ ተለስኖ ወይም ለብቻው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካገኙት ይመለሱ። የሞተር ቁጥሩም ይታይ፤ ሞተር መቀየር ወንጀል አይደለም፣ ሊብሬው ላይ ያልሰፈረ ሞተር ግን ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ያስቆማል። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሮቢት ድረስ እንደደረሰ የሚረሳ የለም፤ ጦርነት ባለፈበት አገር መኪና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እጅ ሊቀይር ይችላልና ማመሳከሩ የይስሙላ አይሁን። መኪናው የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ሄደው ፋይሉን ያስፈትሹ። ዕዳና እገዳ፣ ከቀረጥ ነጻ የገባ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው እዚያ ነው። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርም፤ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ሳይጻፍ ገንዘብ አይስጡ።

በውክልና መግዛት ቀላል ይመስላል፤ ስም ማዞሪያ ወጪ የለም፣ ወረፋ የለም። ነገር ግን ውክልና ወካዩ ሲሽረው ወይም ሲሞት ያበቃል። ሻጩ ካረፈ በኋላ ከወራሾቹ ጋር በፍርድ ቤት የሚገናኝ ገዢ መኪናውን ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሚስትየው ስታውቅ ብቻ ሳይሆን ስትፈርም ይሁን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር ይጠብቅበታል። ውሉ ላይ «አይቼና ፈትሼ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የምትል መስመር ስትገባ ግን ይህን ጥበቃ ትሸረሽራለች። በጨረታ የሚሸጡ የመንግሥት መኪኖች በአብዛኛው በዚች መስመር ነው የሚሸጡት፤ ዓመታት ቆመው ጎሚኒያቸው የደረቀና ታንከራቸው የዛገ ስለሚበዛ ዋጋቸው ረክሶ ቢታይ አይገርምም።

ድርድሩ ላይ የመጨረሻው ጉዳይ ጥርስ ያለው የሞተር ቀበቶ ነው። 1ኤችዜድ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይህ ቀበቶ ሊቀየርለት ይገባል፤ ሲበጠስ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ። ሻጩ «በቅርቡ ነው ያስቀየርኩት» ካለዎ፣ «ጋሼ፣ ደረሰኙን ያሳዩኝ» ይበሉ። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብለው ያስሉ። የቀበቶውን፣ የአምስቱንም ዘይቶች፣ ማለትም የሞተር፣ የካምቢዮ፣ የማከፋፈያ ማርሽ ሳጥኑንና የሁለቱን ዲፈረንሻል፣ እንዲሁም የፍሬን ዘይቱንና የራዲያተር ክዳኑን ዋጋ ከመካኒክዎ ጋር ደምረው ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ዋጋ ሲከራከሩ ወረቀቱን ሻጩ ፊት ያኑሩት። የሚቀንስልዎ ከሆነ ይግዙ፣ መጀመሪያም ወደ ጋራዥ ይውሰዱት፤ ወደ ወንዙ ከዚያ በኋላ ይሄዳሉ። ካልቀነሰም የሚቀጥለውን መኪና ይዩ።